እርድ ጠጥቶ ፀሐይ መሞቅ ሕክምና አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ፎቶዳይናሚክ ሕክምና፣ ማለትም በብርሃን በሚነቃ ቀለም የታመሙ ሴሎችን ስለሚገድለው ሕክምና፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጉዳዩን ማንሳታችሁ ደስ ይላል። ግን ጽሑፉ «የእርድ ቢጫ ቀለም ብርሃን ሲያገኝ የካንሰር ሴል ይገድላል» ብሎ እዚያው ላይ ቆመ። ይህን ያነበበ በሽተኛ ሐኪሙን ትቶ እርድ በጥብጦ ቢጠጣ፣ ፀሐይም ላይ ቢቀመጥ አይፈረድበትም።

ሕክምናው ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ብርሃን የሚቀበል ቀለም፣ ብርሃኑ ራሱና ኦክስጅን። ቀለሙ ጨለማ ውስጥ ሲሆን ብዙም ጉዳት የለውም። ብርሃን ሲያርፍበት ግን ጉልበቱን ይወስድና አጠገቡ ላለው ኦክስጅን ያቀብላል። ያ ኦክስጅን ያገኘውን ሁሉ ይጎዳል፤ ዕድሜው ግን በጣም አጭር ስለሆነ ከአንድ ሴል ስፋት በላይ አይርቅም። ስለዚህ የሚጎዳው ቀለሙም ብርሃኑም የተገናኙበት ቦታ ብቻ ነው። የሕክምናው ውበት እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ እርዱ እንምጣ። ቀለሙ ኩርኩሚን ይባላል፤ የሚቀበለውም በ420 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) አካባቢ ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ነው። ሰማያዊ ብርሃን ሰውነት ውስጥ ብዙ አይገባም፤ ደማችን ይውጠዋል። የእጅ ባትሪ ጣታችሁ ሥር አብሩና እዩ፦ በወዲያ በኩል የሚወጣው ቀይ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ኩርኩሚን ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም፣ ቶሎ ይፈርሳል፣ ሲበላም ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። እንዲህ ያሉ ቀለሞች ውሃ ውስጥ እርስ በርስ ሲጣበቁ ደግሞ የተቀበሉት ጉልበት ኦክስጅኑ ጋ ሳይደርስ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ተመራማሪዎች በሊፖሶምና በመሳሰሉት ጥቃቅን ከረጢቶች የሚያሽጉት ለዚህ ነው። አፍና ቆዳ ላይ ላሉ ጀርሞች ሰማያዊው ብርሃን ሊበቃ ይችላል። ጥልቅ ቦታ ላለ ዕጢ ግን አይሆንም።

እውነተኛው የማሻሻል ሥራ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ የቅጠልን አረንጓዴ ቀለም፣ ክሎሮፊልን፣ ይመልከት። ኬሚስቶች መካከሉ ያለውን ማግኒዚየም አውጥተው፣ ረጅሙን ቅባታማ ጅራት ቆርጠው ክሎሪን ኢ6 የተባለውን ቀለም (ከክሎሪን ጋዝ ጋር አይገናኝም) አገኙ። በእርሱ ላይ አስፓርቲክ አሲድ ሲጨምሩ ውሃ የሚወደው ታላፖርፊን ተገኘ። ይህ መድኃኒት በ664 ናኖሜትር ቀይ ብርሃን ይሠራል፤ ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 ገና በጅምር ላይ ላለ የሳንባ ካንሰር ተፈቅዷል። ፓዴሊፖርፊን ደግሞ ከባክቴሪያ ክሎሮፊል የመጣ ሲሆን በማግኒዚየሙ ቦታ ፓላዲየም የሚባል ከባድ ብረት ገብቶበታል። በ753 ናኖሜትር ይሠራል። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥጋቱ ዝቅተኛ ለሆነ የፕሮስቴት ካንሰር ፈቅዳዋለች። ፓላዲየም የገባበትን ነገር «ቅጠላ ቅጠል ነው» የሚል ሰው ካለ እንግዲህ እሱ ያውቃል።

ጽሑፋችሁ «ከተፈጥሮ ስለሆነ ጉዳት የለውም» ማለቱ ግን ከሁሉም በላይ አሳስቦኛል። ሃይፐሪሲን የተባለ ቀይ ቀለም በውስጡ የያዘ ተክል አለ። እሱን የጋጡ በጎች ፀሐይ ሲነካቸው ቆዳቸው ይቆስላል። ሄማቶፖርፊሪንም ከደም የሚወጣ ቀለም ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ፍሪድሪክ ሜየር ቤትዝ እ.ኤ.አ. በ1912 ከዚህ 200 ሚሊግራም ራሱን ወጋ። ፀሐይ ያገኘው ፊቱና እጁ ክፉኛ አበጠ፤ ብርሃን መፍራቱም ለሳምንታት አለቀቀውም። ከዚያው ቀለም የተሠራውን ፎቶፍሪን የሚወስዱ በሽተኞች ዛሬም ቢያንስ ለ30 ቀናት ከፀሐይ ይጠበቃሉ። ፓዴሊፖርፊን ግን ቶሎ ከሰውነት ስለሚወጣ ጥንቃቄው 48 ሰዓት ያህል ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ማሻሻያ ይህ ነው። በሽተኛው አንድ ወር ሙሉ መጋረጃ ዘግቶ ከመቀመጥ ይድናል፤ ጋዜጦች ግን ስለዚህ ሲጽፉ ብዙም አላይም።

የምጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም። ስለ እንዲህ ያለ ቀለም ስትጽፉ ሙከራው የተደረገው ሳህን ላይ ባሉ ሴሎች፣ በአይጥ ወይስ በሰው መሆኑን ንገሩን። በየትኛው የብርሃን ቀለም እንደሚሠራና ሰውነት ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይም ጨምሩበት። በእርዱ ጽሑፍ ላይ ደግሞ ሕክምናቸውን የጀመሩ ሰዎች እንዳያቋርጡ የሚያሳስብ ማስታወሻ በሚቀጥለው ዕትም ብታወጡ ደግ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ የፋርማሲ ባለሙያ