ስለ ካቶሊክ መዋዕለ ሕፃናት ምዝገባ፦ የቅዳሜ ስብሰባ

ውድ ወላጆች፣

ልጆቻችንን ዘንድሮ በካቶሊክ መዋዕለ ሕፃናት እናስመዝግብ ወይስ አንድ ዓመት እንቆይ የሚለውን ለመወሰን ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በቁምስናው (በአጥቢያችን ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን) አዳራሽ እንገናኛለን።

ባለፈው ሳምንት ጥቂቶቻችን በመዋዕለ ሕፃናቱ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን አይተናል። አንዲት የ4 ዓመት ልጅ ውሃ ስትቀዳ ወለሉ ላይ ደፋች። ማንም አልተቆጣትም፤ ራሷ ጨርቅ አምጥታ ወለወለችው። ምሳ ሲቀርብም ልጆቹ ያማተቡት ማንም ሳይጎተጉታቸው ነው። እኔን የማረከኝ ይህ እንጂ ፊደል ቶሎ መቁጠራቸው አይደለም። ካቶሊኳ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት ሲከፍቱ ልጆቹን ያስለመዷቸው እንዲህ ያለውን የዕለት ተዕለት ሥራ ነበር።

ቤት ውስጥ ጸሎት ከሌለ ግን ትምህርት ቤቱ ብቻውን አይሞላውም። የካቶሊክ ጳጳሳት የተሰበሰቡበት ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው የትምህርት መግለጫ የልጆች ቀዳሚ አስተማሪዎች ወላጆች መሆናቸውን አስታውቋል። ስለዚህ ስለ ክፍያ ከመነጋገራችን በፊት የየቤታችንን ድርሻ እናነሳለን።

የልጁን የልደት ማስረጃና የክትባት ካርድ ቅጂ ይዛችሁ ኑ። ካቶሊክ ያልሆናችሁም አትቅሩ። የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ የልጃችሁን ዕድሜ ጨምራችሁ እዚሁ መልሱልኝ።