ውጤቷን ይዛ የቀረችውን ሴት ማን ይፈልጋት?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ስለ ማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ በየጊዜው የምታወጧቸውን ዘገባዎች አነባለሁ። ዘመቻ በተካሄደ ቁጥር ይህን ያህል ሺህ ሴቶች ተመረመሩ ይባላል፣ የአንድ ኃላፊ ንግግር ይጨመርበታል፣ ፎቶ ይወጣል። መዘገቡ ደግ ነው። እኔ ግን ምርመራውን በእጄ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ስለሆንኩ ቁጥሩ የማይናገረውን አያለሁ። ውጤታቸው ጥሩ ያልሆነ ሴቶች ከክፍላችን ወጥተው እስኪመለሱ ድረስ ምን ሆነው እንደሚሰነብቱ የሚጠይቅ የለም። ሳይመለሱ ከሚቀሩት ውስጥ ብዙዎቹን ያስቀራቸው ሕመም አይደለም፣ ፍርሃት ነው።

ምርመራውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልናገር። በብዙ ጤና ጣቢያዎች የምንጠቀመው ቀለል ያለ ዘዴ ነው። የተበጠበጠ አሴቲክ አሲድ፣ ሴቶቹ «ኮምጣጤው» የሚሉትን፣ በጥጥ አድርገን የማህፀን በር ላይ እንቀባና አንድ ደቂቃ ያህል እንጠብቃለን። ነጣ ብሎ የሚታይ ነገር ካለ ቅድመ ካንሰር ሊሆን ይችላል ብለን እንይዘዋለን። ካንሰር ነው ማለት ግን አይደለም። ቅድመ ካንሰር ቢሆንና ሳይታከም ቢቀር እንኳ፣ የሰውነት መከላከያዋ ደህና በሆነ ሴት ወደ ካንሰር ለመለወጥ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል፤ ጨርሶ የማይለወጠውም ብዙ ነው። መከላከያዋ በተዳከመ ሴት፣ ለምሳሌ ኤች አይ ቪ ኖሮባት ሕክምና ባልጀመረች፣ ጊዜው ከ5 እስከ 10 ዓመት ወደሚሆን ያጥራል። ስለዚህ ነጩ ምልክት የታየባት፣ እኛ ፖዘቲቭ የምንላት ሴት ከእኛ መስማት ያለባት «እንኳን በጊዜ መጣሽ» የሚል ነገር ነው። እሷ ጆሮ የሚደርሰው ግን ሌላ ነው።

ያችን አንድ ደቂቃ አስቧት። ሴትየዋ አልጋው ላይ ተጋድማ ኮርኒሱን ታያለች። እኔ መብራቱን አስጠግቼ አያለሁ። እኔ የማየውን እሷ አታየውም፤ እሷ የምታየው የእኔን ፊት ነው። ልብ ብዬ ለማየት ጎንበስ ካልኩ፣ ወይም የሥራ ባልደረባዬን «እስቲ ነይ አንቺም እዪልኝ» ብዬ ከጠራሁ፣ «ሲስተር፣ ምን አገኘሽብኝ?» ትለኛለች። ከዚያ በኋላ የምለውን ሁሉ በግማሽ ልብ ነው የምትሰማው። ለዚህ ነው ውጤት አልጋ ላይ እንዳለች መነገር የለበትም የምለው። ትነሳ፣ ልብሷን ትልበስ፣ ነጠላዋን ታስተካክል፣ ወንበር ላይ ትቀመጥ፣ ያኔ ይነገራት። ይህ በጀት አይፈልግም። ቢሆንም በዘመቻ ቀን ኮሪደሩ በሰው ተሞልቶ፣ በሩ በየደቂቃው እየተከፈተ፣ ብዙ ጊዜ አይደረግም።

በጉሊት ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ አንዲት እናት አስታውሳለሁ። ነጩ ምልክት ተገኘባት። ቁስሉ ትንሽ ስለነበረ እዚያው በማቀዝቀዝ፣ ክሪዮቴራፒ በምንለው፣ ሊታከም የሚችል ነበር። ያን ቀን ግን የመሣሪያው ጋዝ አልቋል። ቀጠሮ ተጽፎ ወረቀት ተሰጣትና ሄደች። ማንበብ ስለማትችል ወረቀቱን ያነበበችላት ሰባተኛ ክፍል የምትማር ልጇ ናት። ልጅቷ ከላይ «የማህፀን በር ካንሰር» የሚለውን፣ ከታች «ፖዘቲቭ» የሚለውን አነበበችላት፤ እናትና ልጅ ሌላ ምን ሊረዱ ይችላሉ? በቀጠሮዋ አልመጣችም። ከወራት በኋላ ስትመጣ እንደነገረችኝ፣ በዚያ መካከል የዕቁብ ዕጣ ወጥቶላት ለሌላ ሰው አሳልፋለች። «ከፍዬ ሳልጨርስ ብሞት ዕዳው በልጆቼ ላይ ይወድቃል ብዬ ነው» አለችኝ። ጠበል ተጠምቃለች፤ ትልቋን ልጇን ለእህቷ አደራ ብላለች። እኛ ጋ የመለሳት እኛ ያደረግንላት ነገር አይደለም፣ በጽዋ ማኅበር የምታውቃት፣ ይህንኑ ሕክምና ያደረገች ሴት ናት። ሦስት ደቂቃ ማቀዝቀዝ፣ አምስት ደቂቃ ማረፍ፣ እንደገና ሦስት ደቂቃ ማቀዝቀዝ። ስንጨርስ «ይቺው ናት?» አለችኝ፣ ተቆጥታ። መቆጣቷ ልክ ነው።

ስለ ባሎችም ልጻፍ፤ ይህን ደፍሮ የሚያነሳ የለምና። የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የተባለ ቫይረስ ሲሆን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። ግንኙነት የጀመረ ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ሁሉም ማለት ይቻላል በሕይወቱ በአንድ ወቅት ይይዘዋል። አብዛኛው ሰው ሳያውቀው ሰውነቱ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ያስወግደዋል። በአንዳንድ ሴቶች ግን ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል። መቼ እንደገባና ከማን እንደመጣ የሚናገር ምርመራ የለም። በቅርቡ አንድ ባል ወረቀቱን ይዞ መጥቶ «ይሄን ማን ነው ያመጣው?» አለኝ። ሚስቱ በር ላይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ቆማለች። ሁለቱንም አስቀምጬ አሁን የጻፍኩትን ነገርኳቸው። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የነገረው ስላልነበረ ነው። ግን እኔ ዘንድ ከመምጣታቸው በፊት ቤታቸው ውስጥ ያደሩባቸውን ሌሊቶች ማን ይመልስላቸዋል? አንዲት ሌላ ሴት ደግሞ «ካንሰር ነው ብትሉኝ ኖሮ ሰው ያዝንልኝ ነበር» ብላኛለች። ከካንሰር ይልቅ የፈራችው ሐሜቱን ነው።

ከሕክምናው በኋላም ነገሩ አያበቃም። ለአራት ሳምንት ያህል ግንኙነት ማድረግ የለባትም፤ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ለሳምንታት ሊወርዳት ይችላል። ሁለቱም የታወቁ፣ የሚጠበቁ ነገሮች ናቸው። ግን ለባሏ ምን ብላ ትንገረው? «ሲስተር፣ አንቺ ደውለሽ ንገሪልኝ» የሚሉኝ አሉ፤ የምደውልላቸውም አሉ። መናገር ያልቻለችው ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት እየደማች ትመጣለች። ፈሳሹን ያላስረዳናት ሴት ሕክምናው እንዳልሠራ፣ ሰውነቷ ከውስጥ እየበሰበሰ እንደሆነ ታስባለች፤ በዚህ ቃል የነገሩኝ አሉ። ወጣቶቹ ከሁሉ በፊት የሚጠይቁት «ልጅ አልወልድም ማለት ነው?» ብለው ነው። ይህ ሕክምና ማህፀን አያወጣም፤ ታክመው የወለዱ ብዙ ናቸው። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ያ ዓረፍተ ነገር ስላልተነገራት ብቻ የታጨችበትን ቀን ያስተላለፈች ልጅ አውቃለሁ።

ቁስሉ ሰፋ ያለባቸው ወይም ወደ ውስጥ የገባባቸው ሴቶች ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍላቸዋል። የእነሱ ጭንቀት ይብሳል። ናሙና ተወስዶ ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለትም ናሙናው ወደሚመረመርበት ላቦራቶሪ ይላካል፤ ውጤቱ እስኪመጣ ሳምንታት ያልፋሉ። በእነዚያ ሳምንታት «ደርሶ ይሆን?» ብላ የምትጠይቅበት ስልክ የላትም። ከክፍለ ሀገር የመጣች ከሆነ ዘመድ ቤት ተጠግታ ነው የምትጠብቀው፤ ካርድ ክፍል ሄዳ ተሰልፋ «አልደረሰም፣ ሳምንት ነይ» ትባላለች። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። ግን ያን ሳምንት እንዴት እንደምትተኛ እንጃ።

ባልደረቦቼ ይህን ሲያነቡ «ሥራው በዝቶብን ደግሞ ሌላ ሸክም ልትጨምሪብን ነው?» እንደሚሉ አውቃለሁ። እውነት አላቸው፤ አንዳንድ ቀን ምሳ ሳንበላ የምንውልበት ሥራ ነው። በየጤና ጣቢያው የሥነ ልቦና ባለሙያ ይቀጠር ብዬ አልቀልድም። የምለው ነገር እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከእኛ ክፍል አለፍ ብሎ ስላለ ነው የምጽፈው። የኤች አይ ቪ ክፍሉን ተመልከቱ። ቀጠሮዋን ያሳለፈች ታካሚ ስሟ በመዝገብ ላይ ይለያል። ይደወልላታል። ካልተገኘች፣ ከፈቀደች፣ ቤቷ ድረስ የሚሄድ ሰው አለ። ራሳቸው ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው አማካሪዎች አዲስ የመጣችውን ያናግራሉ፤ «እኔም እንዳንቺ ነበርኩ» የሚላት ሰው አለ። ይህ አሠራር ባንድ ጀምበር አልመጣም፣ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ የተማርነው ነው። ኤች አይ ቪ ያለባቸው ሴቶች በማህፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች በስድስት እጥፍ ገደማ ስለሚበልጥ እኛም ክፍል ይመጣሉ። ከሁሉ የሚገርመኝ ውጤታቸው ፖዘቲቭ ሲሆን ከሌሎቹ የተሻለ የሚመለሱት እነሱ መሆናቸው ነው፤ ቢያንስ እኔ በምሠራበት። «ሁለተኛ ፍርድ ነው» ብለው የሚያለቅሱም አሉ፤ ግን የሚያለቅሱበት ሰው አላቸው።

ስለዚህ በየጤና ጣቢያው የማህፀን በር ምርመራ መዝገብ ላይ አንድ ሰው ይመደብ። የአንድ ወር፣ የአንድ ዓመት ቀጠሮ ያለፋቸውን እየለየ ይደውል። ታክመው የዳኑ ሴቶች ፈቃደኛ ከሆኑ ከአዲሶቹ ጋር ይገናኙ፤ ያቺን የጉሊት ነጋዴ የመለሰቻት ባለሙያ አልነበረችም። ናሙና ስንወስድ ደግሞ አብረን እንጠይቅ፦ ስልኩን ማን ነው የሚያነሳው? የኤች ፒ ቪ ምርመራ እየተስፋፋ ነው፤ ሴትየዋ ናሙናዋን ራሷ ወስዳ ሰጥታ ትሄዳለች፣ ውጤቱ በኋላ ይነገራታል። ጥሩ አሠራር ነው፣ እኔም ደስ ይለኛል። ግን ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚነገረው ነገር በስልክ ሆነ ማለት ነው። ልጇ አንስቶ «ከጤና ጣቢያ ነው» ሲባል ቤቱ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ስለ ፖስተሮቻችንም አንድ ነገር። «ገዳይ በሽታ» ብለን እየጻፍን ሴቶቹን ወደ ምርመራ እንጠራለን። በሽታው ገዳይ መሆኑ እውነት ነው፤ በአገራችን ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚይዝ ነው፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ግምት በዓመት ወደ 7,400 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ይያዛሉ፣ ከ5,300 በላይ ይሞታሉ። ይህን አንደብቅም። ግን እዚያው ፖስተር ላይ «ምልክት ቢገኝብሽ በደቂቃዎች ይታከማል» የሚል መስመር ለምን አይጨመርም? ሴትየዋ በፍርሃት ተጠርታ መጥታ፣ ውጤቷን ስትሰማ ያው ፍርሃት ይዟት ይሄዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ይህን ካንሰር ለማጥፋት ስትራቴጂ ሲያወጣ እስከ 2030 የሚደረስባቸው ሦስት ግቦች አስቀምጧል። ከልጃገረዶች 90 ከመቶ የኤች ፒ ቪ ክትባት እንዲከተቡ፣ ከሴቶች 70 ከመቶ በ35 እና በ45 ዓመታቸው እንዲመረመሩ፣ ችግር ከተገኘባቸው ደግሞ 90 ከመቶው እንዲታከሙ። በክትባቱ በኩል አገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀምራ ጥሩ እየሄደች ነው። በምርመራውም ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉትን ሴቶች እየጠራን ነው። በየመድረኩ የሚነገረውም ስለነዚህ ሁለቱ ነው። ሦስተኛው፣ ማለትም የተገኘባቸው ሴቶች ታከሙ ወይ የሚለው፣ በሪፖርት ውስጥ ያለው ቦታ ጠባብ ነው፤ በዜና ውስጥማ የለም።

ስለዚህ ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው። በመጪው ጥር የማህፀን በር ካንሰር ወር ሲከበር ጋዜጠኞቻችሁ እንደተለመደው ይመጣሉ። ኃላፊው ስንት ሴት እንደተመረመረ ሲነግራችሁ ጻፉት፤ ቀጥላችሁ ግን ባለፈው ዓመት ፖዘቲቭ ከሆኑት ስንቱ እንደታከሙ፣ ስንቱ ለዓመት ቀጠሮ እንደተመለሱ፣ ያልተመለሱትን ማን እንደደወለላቸው ጠይቁልን። መልስ ካጣ ያንንም ጻፉት።

ታካሚዎቼ እንዳይታወቁ ስሜ ባይወጣ እመርጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አዋላጅ ነርስ፣ ከአዲስ አበባ