ላሊበላ ስትደርስ መኪናውን ተወው

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ኅዳር ላይ ላሊበላ እንደምትሄድ ስትነግረኝ የተሰማኝን ደስታ በስልክ ልነግርህ አልቻልኩም፤ ለዚህ ነው የምጽፍልህ። አንድ ነገር ግን ቅር ብሎኛል። መኪና ተከራይተህ በዙሪያው ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት፣ ነአኩቶ ለአብን፣ አሸተን ማርያምንና ይምርሐነ ክርስቶስን፣ በአንድ ቀን አይተህ ለመጨረስ አስበሃል። የተወለድኩበትን አገር በመስኮት አይተህ እንድትመለስ አልፈልግም። በእግርህ ሂድ ልጄ።

ይህን የምለው ድካም ይጠቅምሃል ብዬ አይደለም። እነዚያ ቦታዎች ሁሉ የተሠሩት በእግሩ ለሚመጣ ሰው ነው። የቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ ከምትቆምበት ዓለት እኩል ነው፤ ርቆ ለቆመ ሰው ምንም አይታየውም። እየቀረብክ ስትሄድ መጀመሪያ የምታየው ጣሪያው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹትን መስቀሎች ነው፣ ከዚያ ጉድጓዱን፣ ከዚያ ከ10 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርደውን ግድግዳ። ወደ በሩ ለመድረስ ደግሞ ዓለቱን ሰንጥቆ በሚወርደው ጠባብ መንገድ ዞረህ መሄድ አለብህ። ያን ዓለት የፈለፈሉት ሰዎች ሕንጻውን ብቻ ሳይሆን አመጣጥህንም አስበውበታል። ከ800 ዓመት በኋላም መንገዱ ያው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ከከተማዋ አትውጣ። ላሊበላ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ላደገ ሰው አየሩ አይከብደውም፣ ዳገቱ ግን ጉልበት ይፈትናል። ከቤተ መድኃኔ ዓለም ጀምር። ርዝመቱ 33 ሜትር የሚያህል፣ ከነዓምዶቹ ከአንድ ዓለት የወጣ ነው። ከዚያ በመተላለፊያው ወደ ቤተ ማርያም ግባ። ዮርዳኖስ የሚሉትን ቦይ ተሻግረህ በወዲያኛው በኩል ካሉት ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ስትወጣ፣ ሲኦል የሚሉት ጨለማ ዋሻ ታገኛለህ። የስልክህን መብራት አታብራ። እጅህን ከግድግዳው ሳታነሳ ቀስ ብለህ እለፍ፤ ሌሎች ሰዎች በዚያ ሲያልፉ የያዙት ግድግዳ ነው። ጫማህን በየደጁ ስለምታወልቅ የሚጠልቅ የሚወልቅ ቀላል ጫማና ወፍራም ካልሲ ያዝ፤ ምንጣፉ ላይ ቁንጫ አይጠፋም።

ቦታው እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጥግ የነበሩት የብዙዎቹ ቤቶች ነዋሪዎች ወደ ሌላ ሠፈር ተዛውረዋል። ሁለት ደርብ ያላቸው ክብ የድንጋይ ቤቶች ግን አሁንም እዚህም እዚያም ቆመዋል። አያትህ በእንዲህ ያለ ቤት ነው የኖሩት። እንዴት ያለ ጭቃ፣ እንዴት ያለ ድንጋይ እንደሆነ ቀርበህ እይልኝ።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። ገበያውን ከማየትህ በፊት ማለዳ ተነስተህ ከገበያተኛው በተቃራኒ ዳገቱን ውጣ። ከየቀበሌው የሚወርደውን ሰው ፊት ለፊት ታገኘዋለህ፤ ገብስና ጤፍ የተጫኑ አህዮች፣ በግ የሚነዱ ልጆች፣ ማር የያዙ ሰዎች። እኔ የአገሬን የላስታን ሰው ያወቅሁት በዚያ መንገድ ላይ ነው። እዚያ ማንም ማንንም ዝም ብሎ አያልፍም። ቀድመህ «እንደምን አደራችሁ» በል፤ ካንተ የሚያንሱትንም ቢሆን። ቄስ ካገኘህ መስቀል ተሳለም። የተጫነ አህያ ወይም በቅሎ ሲመጣ ሁልጊዜ ወደ ተራራው ተጠግተህ ቁም፣ ወደ ገደሉ በኩል በፍጹም አትቁም፤ ጭነቱ ገፍቶ ይጥልሃል። መንገዱ በሰው ደጅ የሚያልፍ ከሆነ ከሩቁ «ቤቶች!» ብለህ ተጣራ፤ ውሻውን የሚይዝልህ ሰው ይወጣል፣ ብዙ ጊዜም «ና ግባ፣ ቡና ደርሷል» ትባላለህ። ጊዜ የለኝም አትበላቸው። ቢያንስ አንዷን ስኒ ጠጣ።

አሁን ወደ አሸተን ማርያም ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ የምሳሳላት እሷን ነው። ከከተማዋ በላይ 3150 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እግሩ ፈጣን የሆነ ሰው በሁለት ሰዓት ይወጣዋል፣ አንተ ሦስት ሰዓት ስጠው። መጀመሪያ በባሕር ዛፍና በእርሻ መሐል ትሄዳለህ። ኅዳር ላይ ገብሱ እየታጨደ ስለሚሆን በየአውድማው በሬዎች ሲያበራዩ ታያለህ። ከዚያ ሜዳ መሳይ ቦታ ላይ ስትደርስ ያለቀ ይመስልሃል፣ አላለቀም፤ የመጨረሻው ዳገት ገደሉን ተጠግቶ ይወጣና ዓለቱን ሰንጥቆ በሚያልፍ ጠባብ መግቢያ ያስገባሃል። ልጅ ሆኜ ወር በገባ በ21 ከአያትህ ጋር ስወጣ፣ ያን መግቢያ አልፈን ገደሉ ጫፍ ላይ ስንቆም ከተማዋ ከታች ትንሽ ሆና ትታያለች። አያትህ አፋፉ ላይ ተቀምጠው የማን ቤት የት እንደሆነ በጣታቸው እያሳዩ ይነግሩኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያኗን በአካባቢው ከንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ዘመን ጋር ያያይዟታል። ትንሽ ናት፣ በከተማዋ ካሉት አብያተ ክርስቲያናትም ጋር ስትነጻጸር በደንብ ያልተጠረበች ትመስላለች፤ ለእኔ ግን ከቤተ ጊዮርጊስ አታንስም።

ከቻልክ ኅዳር 21፣ በጽዮን ማርያም ዕለት ውጣ። ነጭ ለብሶ ከሚወጣው ሕዝብ ጋር ስትሄድ መንገዱን የሚያሳይህ ሰው አያስፈልግህም። በሌላ ቀን ግን ከዚያው አገር አንድ መንገድ መሪ ያዝ። ከኮሮናና ከጦርነቱ ወዲህ እንግዳ ጠፍቶ በዚህ ሥራ የሚተዳደሩት ልጆች ብዙ ተቸግረዋል፤ ዋጋ ላይ አትከራከር። ከመነሳትህ በፊትም መንገዱ ሰላም መሆኑን ከእነሱ ጠይቅ፣ አይሆንም ካሉህ አትሂድ።

ነአኩቶ ለአብ ቅርብ ነው፣ ወደ አየር ማረፊያው በሚወስደው መንገድ በኩል ግማሽ ቀን ይበቃሃል። ዋሻው ውስጥ ከጣሪያው የሚንጠባጠበውን ውኃ በድንጋይ ገበታዎች ያጠራቅሙታል፣ ጠበል ነውና ትንሽ አምጣልኝ።

ይምርሐነ ክርስቶስ ግን ሙሉ ቀን ይፈልጋል። በመኪና ዞሮ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ እግረኛው ተራራውን አቋርጦ ይሄዳል። መመለሻው ካሳሰበህ እንዲህ አድርግ፤ ንጋት ላይ በእግርህ ሄደህ ስትመለስ መኪና ይጠብቅህ፣ በዚህ አልከፋብህም። መንገዱ በእርከን እርሻዎች፣ በወይራና በሐበሻ ጥድ ውስጥ ያልፋል። ቤተ ክርስቲያኑ ከላሊበላዎቹ ይቀድማል፣ አልተፈለፈለም፣ ትልቅ ዋሻ ውስጥ እንጨትና ድንጋይ እየተደረበ የታነጸ ነው፤ ግንቡ ጥቁርና ነጭ መቀነት ይመስላል። ከኋላው ደግሞ ሊሳለሙ መጥተው በዚያው ያረፉ ሰዎች ነው የሚባል ዐፅም ተከምሮ ታያለህ። ፎቶ አታንሳ። ቆመህ አቡነ ዘበሰማያት ድገምላቸው።

የአቡነ ዮሴፍን ተራራ ለሌላ ጊዜ ተወው። ከ4200 ሜትር በላይ ነው፣ ማደርን ይጠይቃል፣ ብርዱም ለአንድ ጋቢ አይበገርም። ጭላዳ ዝንጀሮውን፣ ጅብራ የሚባለውን ረጅም ተክል፣ ከታደልክም ቀይ ቀበሮውን ለማየት የሚሄድበት ቦታ ነው። ጉልበቴ ካልከዳኝ አብሬህ እስከ ተራራው ግርጌ እመጣለሁ።

ስንቅህን እኔ አዘጋጃለሁ። የገና ጾም ስለሚገባ በሶውን በቅቤ አልለውሰውም፣ በውኃ በጥብጠህ የምትጠጣው አድርጌ እልካለሁ፤ ቆሎና ዳቦ ቆሎም አለ። አዲስ ጫማ ገዝተህ በዚያው ቀን አታድርገው፣ ከአሁኑ ጀምረህ እያደረግህ ልመደው። ጠዋት ጋቢ፣ ቀትር ላይ ባርኔጣ፤ ዱላ እዚያው ታገኛለህ። አክስትህ ገበያው አጠገብ ስለሆነች መጀመሪያ እሷ ዘንድ ሂድ፣ በቅሎ የሚያከራዩትን ታውቃቸዋለች። የምትነሳበትን ቀን ቁርጡን እስከ እሑድ ደውለህ ንገረኝ፤ በሶውን የምትፈጭልኝ ሴት ሰኞ ትመጣለችና።

እናትህ