ማርሚታው የወለቀ መኪና፣ የጎረቤት እንቅልፍና የመድን ውል

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የምኖረው ሰሚት አካባቢ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፊት ለፊታችን ባለው ሕንፃ የሚኖር አንድ ወጣት ከጥቂት ወራት በፊት የቪትዝ መኪናውን ጋራዥ ወስዶ ማርሚታውን፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ፣ አስቆርጦ በምትኩ ቀጥ ያለ ሰፊ ቱቦ አስበይዶበታል። ከዚያ ወዲህ ማታ አምስት ሰዓት ገደማ በግቢው በር ሲገባ መጀመሪያ የመስኮቱ መስታወት ይርገበገባል፤ ቀጥሎ ብፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንኳኳሉ፤ ከዚያ የቆሙት መኪኖች የማንቂያ ደወል እየተቀባበለ ይጮኻል። ሕንፃዎቹ ፊት ለፊት ተያይተው የተሠሩ በመሆናቸው ድምፁ መውጫ አጥቶ ከግድግዳ ግድግዳ ይላጋል። ከበላያችን ያለችው አራስ ልጇን ለማስተኛት የደከመችው ሁሉ በዚያች ቅጽበት ከንቱ ይቀራል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት መኪናውን ሲያጥብ አግኝቼ ነገሩን በቀስታ ባነሣበት «ጋሼ፣ ድምፅ ከሌለው ምኑን መኪና ሆነ?» ብሎ ሳቀ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሊፍት በሌለበት ሕንፃ የጋዝ ሲሊንደራችንን ተሸክሞ የሚያወጣልን እሱ ነው። ጉዳዩ ግን ከጆሯችን አልፎ የራሱን ኪስ እንደሚነካ አላወቀም።

ሕጉ ስለ ድምፅ ዝም አላለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225፣ የተጻፈው ለማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ቢሆንም፣ ከመልካም ጉርብትና ወሰን ያለፈ ጭስ፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት ጎረቤት ላይ እንዳይደርስ ይከለክላል። በአገራችን የአካባቢ ጥበቃ ደረጃ ደግሞ ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው የድምፅ ወሰን ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ዴሲቤል እንደ ብር የሚደመር ቁጥር አይደለም፤ 10 በጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ያድጋል።

ለረጅም ዓመታት በመድን ድርጅት የካሣ ክፍል ስለ ሠራሁ ልናገር የፈለግሁት ዋና ነገር ግን ስለ ውሉ ነው። በሥራ ላይ ሳለሁ ከኋላው በኩል የተቃጠለ አንድ መኪና መጣልን። ቴክኒሻኑ ሥሩ ገብቶ ሲያይ በእጅ የተበየደው ቱቦ ሙቀት መከላከያ ላሜራ ሳይደረግለት ከኤሌክትሪክ ሽቦዎች በሁለት ጣት ርቀት ላይ አልፏል። ባለንብረቱ የመድን ቅጹን ሲሞላ መኪናው ፋብሪካ እንደ ሠራው ነው ብሎ ፈርሟል፤ ቱቦውን ያስገጠመው ከዚያ በኋላ ቢሆንም ለውጡን ያሳወቀው ሰው አልነበረም። አዲሱ የንግድ ሕግ ከወጣም በኋላ በመድን ረገድ የምንሠራበት የ1952ቱ የንግድ ሕግ፣ መድን የገባው ሰው ስለ ሥጋቱ የሚያውቀውን በእውነት እንዲናገር፣ ሥጋቱን የሚያባብስ ለውጥ ሲመጣም እንዲያስታውቅ ያስገድደዋል። ያንን ያላደረገ ሰው ካሣው ሊቀነስበት፣ አውቆ ከደበቀም ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። በዚያ ቀን ሰውየው ጠረጴዛዬ ፊት ቆሞ «ለአንዲት ቱቦ?» እያለ ደጋግሞ ሲጠይቀኝ የምመልሰው አጥቼ ነበር።

ዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ይህን ይይዘዋል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የእኛ ሰፈር ወጣት ግን አሮጌውን ማርሚታ አልጣለውም፤ ሳሎኑ ውስጥ በላስቲክ ጠቅልሎ አስቀምጦታል። ቦሎ ሲደርስ ያስገጥመዋል፤ በማግሥቱ ያስወልቀዋል። መርማሪው የሚያየው በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚኖር መኪና ነው። ትራፊክ ፖሊስም መንገድ ላይ ዴሲቤል የሚለካ መሣሪያ ይዞ ካልቆመ ክርክሩ የጆሮ ክርክር ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ የመድን ድርጅቶች ውል ሲያድሱ ክፍያ ተቀብለው ወረቀት ከመስጠት ይልቅ መኪናውን ከሥሩ ጭምር እንዲያዩ፣ ፎቶ እንዲያነሡና ለደንበኛው ስለ ማርሚታ በግልጽ አማርኛ እንዲጠይቁት እለምናለሁ። ቆርጦ የሚበይደው ጋራዥም የሠራውን ሥራ በደረሰኙ ላይ እንዲጽፍ ቢገደድ ብዙ ነገር ይቀል ነበር፤ አሁን ግን ደረሰኙ የሚለው «ልዩ ልዩ ጥገና» ብቻ ነው።

ወጣቱን የመድን ውሉን ይዞ እንዲመጣና አብረን እንድናነበው ጠይቄዋለሁ። እሺ ብሏል፤ እስካሁን ግን አላመጣውም።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የመድን ሠራተኛ፣
ሰሚት፣ አዲስ አበባ