ምጥ ወሰን አይጠይቅም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ራያ በትግራይ ይተዳደር ወይስ በአማራ ስለሚለው ጥያቄ ብዙ ተጽፏል፤ በዚያ ስለሚወልዱ እናቶች ግን እምብዛም። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በ2 ሰዓት ውስጥ ሊገድል ስለሚችል፣ ከአላማጣም ሆነ ከቆቦ ገጠር ሪፈር የተጻፈላት ወላድ መሄድ ያለባት ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ቅርብ ሆስፒታል ነው። ማይጨው ይሁን ወልዲያ፣ ለክርክር ጊዜ የለም።

መድኃኒቱም የራሱ ጣጣ አለው። ደሙን የሚያቆመው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልተቀመጠ ኃይሉ ይደክማል፤ መብራት በጠፋበት ጤና ጣቢያ ደግሞ ማቀዝቀዣው ከቁም ሳጥን አይለይም። ደሙን ለመግታት የሚረዳው ሌላው መድኃኒት፣ የሚሶፕሮስቶል ክኒን፣ ግን ቅዝቃዜ አይፈልግም።

ጤና ሚኒስቴር የትግራይንና የአማራን ጤና ቢሮዎች አገናኝቶ በሁለቱም ወገን የሚሠራ አንድ የሪፈር ወረቀት ያውጣ፤ ወላድ የጫነ አምቡላንስ በፍተሻ ኬላ እንዳይቆም በጽሑፍ ያስማማ። ክኒኑም እስከ ጤና ኬላ ይድረስ።

አንድ አንባቢ