ከቴሲሱ የምስጋና ገጽ ለተረፋችሁ

ባለፈው ዓርብ የዶክትሬት ዲፌንሴን ጨረስኩ። እልልታውም፣ ፎቶውም አለፈ። ስልኬ አሁንም "እንኳን ደስ አለሽ ዶክተር" በሚል መልእክት እንደተጨናነቀ ነው። እግዜር ይስጥልኝ። ግን የቴሲሱ የምስጋና ገጽ አንድ ብቻ ናት፤ እሷም በፕሮፌሰሮችና በተቋማት ስም ሞላች። ለቀራችሁት ነው ይህን የምጽፈው።

ለማታውቁት፦ የማጠናው የቡና ፍሬ በሽታን ነው፤ ሲቢዲ የምንለውን። ሀገራችን ውስጥ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። አረንጓዴው ፍሬ ላይ ጥቁር ነጥብ ይወጣል፣ ነጥቡ ጎድጉዶ ይሰፋል፣ ፍሬው ሳይቀላ ይረግፋል። ዝናብና ደጋ ስለሚስማማው እኔም ነሐሴን ጅማ ዞን፣ ጌራ ጭቃ ውስጥ አሳለፍኩ።

ጌራ ያሉት፣ አባቴ የምላቸው ገበሬ፣ መጀመሪያ ሲያዩኝ "ሌላው ሰው ደህናውን ቡና ይፈልጋል፣ አንቺ ግን የታመመውን!" ብለው ሳቁብኝ። ጎረቤቶቻቸው የድሮውን ነቅለው 74110ን ተክለዋል። ያ ዝርያ ለበሽታው ይበረታል፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለተመረጠ ነው ቁጥሩ በ74 የሚጀምረው። እርሳቸው ግን ለእኔ ሲሉ አሥራ ሁለት የአገር ቡና ዛፍ ሳይነቅሉ አራት ዓመት ጠበቁልኝ። ፍሬው ሲረግፍ እያዩ! የምከፍላቸው አልነበረኝም። ይባስ ብሎ እሸት በቆሎ ጠብሰው ያበሉኝ ነበር፤ የተሰባበረ ኦሮምኛዬንም ያርሙልኛል።

የማልረሳው ግን ያን የቅዳሜ ሌሊት ነው። መብራት ከጠፋ ቆይቷል፣ ጄነሬተሩ ናፍጣ የለውም። የግቢው ዘበኛ በስድስት ሰዓት ደወለልኝ። "እህቴ፣ የአንቺ ፍሪዘር ውሃ እያንጠባጠበ ነው" አለኝ። እዚያ ውስጥ የሁለት ክረምት የዲኤንኤ ናሙናዬ ነበር። ጎረቤቴ ነርሷ ከአልጋዋ ተነስታ፣ ክዳኑ የተሰነጠቀ አሮጌ የክትባት ሣጥን ይዛ ወጣች። ቤቷ ባለው በረዶ ሞላነው፤ እኔ ቱቦዎቹን ስሰበስብ እሷ በባትሪ ታበራልኛለች። ከሆስፒታሉ በኩል ያለው ላብራቶሪ ጄነሬተሩ ይሠራ ስለነበር ቱቦዎቹ እዚያ አደሩ። እዚያ ያደረሰን የባጃጅ ሹፌር ደግሞ ሂሳቡን እንቢ አለ። "የቡና ነገር ነው ካላችሁማ" ብሎን ሄደ።

አማካሪዬን ገጹ ላይ አመስግኛቸዋለሁ፤ አንድ ነገር ግን አልጻፍኩም። ሁለተኛው ጆርናል ጽሑፌን ሲመልስብኝ ሲኦል የገባሁ መስሎኝ ቢሯቸው ሄድኩ። የገምጋሚውን አስተያየት አተሙና በቀይ እስክሪፕቶ ስድቡን ሁሉ ሰረዙት። "ቀጥተኛ ያልሆነ"፣ "ደካማ"፣ "ለጀማሪ እንኳ የማይመጥን"... ሁሉም ተሰረዘ። ሁለት ገጽ ሙሉ ትችት ውስጥ የቀረው አራት ሥራ ብቻ ነበር። በሦስት ሳምንት ጨረስኩት። ዛሬ የሌላ ሰው ጽሑፍ ስገመግም እስክሪፕቶዬን መጀመሪያ ወደ ራሴ ነው የማዞረው።

በዚያው ቀን ደግሞ "ስትጨርሺ አስተማሪ ብቻ ነው የምትሆኚ?" አሉኝ። አስቤበት አላውቅም ነበር! ቡና ማዳቀል፣ የጥራት ላብራቶሪ፣ የገበሬ ሥልጠና ምን እንደሚመስል ሄጄ እንድጠይቅ ሰደዱኝ። ምን እንደምሆን ገና አልወሰንኩም፤ ግን ምርጫ እንዳለኝ ዘግይቼም ቢሆን አወቅሁ። ለታናናሾቼ፦ ይህን በመጀመሪያው ዓመት ጠይቁ እንጂ እንደኔ እስከ አራተኛው አትቆዩ።

አትምጪ ስንላት መጥታ ልጄን ይዛ የከረመችው እናቴ፣ ስኮላርሺፕ ሲዘገይ ዱቤ የመዘገበልኝ ባለሱቅ፣ ያልቅልሻል እያለ ሳህን ያጠበው ባለቤቴ፦ ዕዳችሁን አውቀዋለሁ።

የጌራው አባቴ፣ ኅዳር ላይ ቡናው ሲቀላ እመጣለሁ። እነዚያን ዛፎች መንቀል ይችላሉ። እህቴ ነርሷ ደግሞ፣ ሣጥንሽ አሁንም እኔ ጋ ነው። ክዳኑን አሠርቼዋለሁ፤ ነገ ማታ አመጣልሻለሁ።