ጋሼ ስላዩት ሰው

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ጋሼስ ደህና ናቸው? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን በማጥፋቴ ይቅር በለኝ። መልእክትህ ደርሶኝ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ቆየሁና ኋላ መጻፉም አሳፈረኝ።

ትናንት ከሥራ ስወጣ በዩ ስትሪት በኩል አለፍኩ። የኛ ምግብ ቤቶች ያሉበት ሰፈር ነው፤ የበርበሬው ሽታ መንገድ ድረስ ይመጣል። እዚያው የጃዝ ሙዚቀኛው የዱክ ኤሊንግተን ትልቅ ምስል ግድግዳ ላይ ተስሏል። የዚሁ የዋሽንግተን ልጅ ነው። ቆሜ ሳየው የጋሼ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፦ «በ66 አዲስ አበባ መጥቶ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ!» ሲኒያቸውን ያስቀምጡና ምቱን በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ያሳዩን ነበር፤ ትዝ ይልሃል?

ቤት ገብቼ ስለ ሰውየው ሳነብ አመሸሁ። እንቅልፍ የነሳኝ ፑሊትዘር የሚባለው ትልቁ የአሜሪካ ሽልማት ነገር ነው። ከጋዜጠኞቹ ሌላ ከ1943 ጀምሮ (በፈረንጅ ነው የምቆጥርልህ) ለአሜሪካ የሙዚቃ ደራሲም ይሰጣል። ለብዙ ዓመት ግን ሙዚቃ ማለት ለነሱ ክላሲካል ብቻ ነበር። በ1965 ሦስቱ ዳኞች ለኤሊንግተን የዕድሜ ልክ ሥራ ልዩ ክብር ይሰጠው አሉ። የሽልማቱ ቦርድ ግን እምቢ አለ። ሁለቱ ዳኞች ጥለው ወጡ። እሱ ያኔ 66 ዓመቱ ነው። ምን ቢል ጥሩ ነው? ዕድል ደግ ሆናልኛለች፤ ገና በልጅነቴ ዝነኛ እንድሆን አልፈለገችም አለ።

ከዚያ በኋላ ነው አዲስ አበባ የመጣው። ሙላቱ አስታጥቄ አጠገቡ ነበር፤ ጃንሆይም ሜዳሊያ ሰጡት። በስድስት ወሩ ሞተ። ወዳጄ፣ አገሩ የነፈገውን ሰው እኛ አክብረን ሸኘነው ማለት እኮ ነው!

የሙዚቃው ሽልማት ለጥቁር ደራሲ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1996 ነው፤ ለጆርጅ ዎከር፣ እሱም የዚህችው ከተማ ልጅ። በዓመቱ ዊንተን ማርሳሊስ በጃዝ ወሰደ። ለኤሊንግተን ልዩ ክብሩ የደረሰው በ1999፣ ከሞተ ከ25 ዓመት በኋላ ነው። በ2018 ደግሞ ራፐሩ ኬንድሪክ ላማር ተሸለመ።

እባክህ ጋሼን አስቀምጠህ ጠይቅልኝ፤ በስልክህም ቅዳልኝ። የት ቆመው አዩት? ምን ለብሶ ነበር? የትኛውን ዜማ ተጫወተ? ያንን ምትም በጣታቸው እንደገና ይምቱልኝ። እሁድ እደውላለሁ።

የሚናፍቅህ ወንድምህ